አንገት የሚያሰብረው ካሜራ

መጋዘኑን ከመታሰሬ በፊት አውቀዋለሁ። ባሮ ዳር ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ድሮ በወንዙ በመርከብ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ቡና ያከማቹበት ነበር ይባላል። አንድ ጠዋት ከውጭ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ፀሐይዋ በጎን ስትመታው እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው ተቆጥሮ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ አላሰብኩም። ፎቶ አንሺ የሚያስበው ብርሃን ስላለበት በኩል ነው።

ጠባቂው ገፋ አድርጎ ሲያስገባኝ ምንም አልታየኝም። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የቆየ ቡና፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የሰው ላብ። ቀጥሎ ሙቀቱ መጣ። በጋምቤላ ሙቀት ተወልጄ አድጌያለሁ፣ ግን ከቆርቆሮ ስር በሩ ተዘግቶ ሌላ ነገር ነው፤ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ አንድ ድምፅ፣ ጥርት ባለ የደገኛ አማርኛ። «በሩ አጠገብ እንዳትቀመጥ። ባልዲው እዚያ ነው።»

ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ከወዲያ ጥግ ሌላ ድምፅ በአኙዋክኛ ጠራኝ።

«ፎቶ! አንተ ነህ?»

በከተማው ውስጥ ስሜ ይኸው ነበር፤ ትልቁም ትንሹም ፎቶ ነበር የሚለኝ። ድምፁንም ወዲያው አወቅኩት። ባሮ ላይ በታንኳ የሚያጠምደው ሽማግሌ ነው። በመጨረሻው የመጽሔቱ እትም ላይ ፎቶው አንድ ሙሉ ገጽ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ያነሳሁትም እኔ ነበርኩ።

«አባቴ፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አልኩት። የኛ ቋንቋ አንተና አንቱን አይለይም፤ በአማርኛ ስጽፈው ግን እንደዚህ ነው የሚመጣልኝ።

«አንተው አይደለህ ያሳሰርከኝ?» አለኝ። «ያ ከፊት ለፊቴ የቆመው ትልቅ ሰው እጁን አንስቶ ሰላም ሲለኝ እኔ ዓሣዬን ይዤ ዝም አልኩት። ተቀይሞ ይሆናል።»

ቀልድ ነበር። ቀልዱ እንዲገባችሁ ግን እኔ የታሰርኩበትን ነገር መናገር አለብኝ።

የሚስዮን ክሊኒኩ ሲዘጋ አንዲት ነርስ ካሜራዋን ትታልኝ ሄዳ ነበር፤ አብሮትም አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። መጽሐፉን ከማንበብ ይልቅ ሥዕሎቹን አይቼ ነው የተማርኩት፤ የማይገባኝን ቃል እዘለው ነበር። ካሜራው ባለ ሁለት ዓይን ነው። የላይኛው ዓይን ለማያ፣ የታችኛው ለማንሻ ነው። እንደ ሌላው ካሜራ ፊት ላይ አይደገንም፤ ደረት ላይ ይያዝና ከላይ ክዳኑ ተከፍቶ ወደ ታች መስታወቱ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ የሚነሳው ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የሚያነሳው ሰው አንገቱን ይሰብራል። ማንንም ሳነሳ እንደዚያው ነበርኩ። በሬ ሻጭም ይሁን አስተዳዳሪ፣ መጀመሪያ ኮሌታውን አስተካክልለታለሁ፣ ቀጥሎ «ቀና በሉ» እላለሁ፣ ከዚያ አንገቴን ሰብሬ አያለሁ።

በኋላ አዲስ አበባ የሚታተም አንድ መጽሔት ሥራ ሰጠኝ። «የሰፊው ሕዝብ ኑሮ» ለሚሉት ዓምድ ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ሰፋሪ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ጭነት አውራጅ አነሳሁ። ትልልቅ ጓዶች ሲመጡም እነሱን አነሳለሁ። ፊልሙን ሳላጥበው በአውሮፕላን እልክላቸዋለሁ፤ እዚያ ያጥቡታል፣ እዚያ ያትሙታል።

አንድ ጊዜ ከበላይ የመጣ ትልቅ ጓድ አቦቦ ሄዶ የአልዌሮን ግድብ ሥራ ጎበኘ። የአፈሩ ክምር ላይ ወጥቶ ለሠራተኛው መፈክር ሲያሰማ ላነሳው ተጠጋሁ። ኮሌታው አንድ በኩል ታጥፎ ነበር። እንደ ልማዴ ሄጄ አስተካከልኩለት፤ አጃቢው እጁን ወደ ወገቡ ላከ። ጓዱ ግን ሳቀ። «ቀና ይበሉ» አልኩት፣ ቀና አለ፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ። በዚያ ዘመን መፈክር ሲባል የሚነሳው ግራ እጅ ነበር። ቀኝ እጅ ማንሳት ቀኝ መንገደኛ ነኝ፣ የአብዮቱ ጠላት ነኝ እንደ ማለት ነው።

መጽሔቱ ሲወጣ የጓዱ ፎቶ በአንድ ገጽ፣ የዓሣ አጥማጁ በፊት ለፊቱ ገጽ ነበር። ጓዱ እኔ ሳነሳው ወደ ሌላ በኩል ነበር የሚያየው። አታሚው ፊቱን ወደ ዓሣ አጥማጁ ለማዞር ብሎ ይሁን ሳያስተውል፣ ፊልሙን በተቃራኒ ፊቱ አድርጎ አትሞታል። ግራው ቀኝ ሆነ። ጓዱ ቀኝ እጁን ጨብጦ አገር ሙሉ ተሠራጨ።

የመረመረኝ ሻምበል ጨዋ ሰው ነበር፤ አልጮኸብኝም። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣

«የትኛውን እጃቸውን ነበር ያነሱት?» አለኝ።

«ግራቸውን።»

«እዚህስ?»

«ቀኛቸውን።»

«ታዲያ ማን ቀየረው?»

ነገርኩት። ፊልም ሁለት ፊት እንዳለው፣ ሰዓታቸው ወደ ቀኝ እጃቸው እንደ ዞረ፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ በሴት በኩል እንደ ሆነ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ፎቶውን አየ፣ ከዚያ የራሱን ሸሚዝ አየ።

«ገብቶኛል» አለ። «ለእኔ ገብቶኛል። ለበላይ አካል ግን ምን ብዬ ልጻፍ? ቁልፋቸውን እዩ ልበል?»

ወደ መጋዘኑ የመለሰኝ እንደዚህ ሆኖ ነው፤ እውነቱን እያወቀ።

ዓሣ አጥማጁ የታሰረው እኔ ስላነሳሁት አልነበረም። ሰዎችን በታንኳው ወደ ማዶ አሻግረሃል፣ ወደ ሱዳን የሚኮበልሉ ነበሩ ብለውት ነው። «ታንኳ ሥራው ምንድን ነው?» ይል ነበር። «ሰውየው ልኮበልል ነው አለኝ? አላለኝም። አሻግረኝ ነው ያለኝ።» ባልዲው ዘንድ እንዳልቀመጥ የመከረኝ ደግሞ ከመቲ የመጣ መምህር ነበር። ክፍል ውስጥ በተናገረው አንድ ቀልድ ነው የተያዘው። ቀልዱን ንገረን ስንለው፣ «ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። መሳቅ ደግሞ ተባባሪነት ነው» ይለናል። ቲቸር ነበር የምንለው። ሌሎቹ ከየመንደሩ የተለቀሙ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ለምን እንደታሰሩ ገና ይጠይቁ ነበር።

አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ አንድ ነገር አየሁ። ከበሩ በላይ ያለው ቆርቆሮ ሚስማር ወልቆ ቀዳዳ ቀርቶበታል። ቤቱ ጨለማ፣ ውጭው ብርሃን ስለ ነበር ቀዳዳው የግቢውን ምስል በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ይጥላል፤ የማንጎው ዛፍ ሥሩ ወደ ላይ፣ ሰማዩ ወደ ታች። ጠባቂው ሲያልፍ በጭንቅላቱ ነው የሚሄደው።

«ቲቸር፣ እይ» አልኩት።

አንገቱን አዘንብሎ አየና፣ «በመጨረሻ አንድ ትክክለኛ ፎቶ አየሁ» አለ።

ዓሣ አጥማጁ ግን አልሳቀም። ወደ ግድግዳው ተጠግቶ የተገለበጠውን ማንጎ በጣቱ ነካ። «እንግዲህ እኛ ካሜራህ ውስጥ ነን ያለነው» አለኝ።

ከማንጎው ስር እናቴ ትቀመጥ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ነው፤ የበቆሎ ገንፎና ዓሣ በሳህን ይዛ እስኪቀበሏት ትጠብቃለች። እንድናወራ አይፈቀድም። በግድግዳው ላይ ግን ተገልብጣ አያታለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መዝሙር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልሰማም።

አንድ ቀን ሻምበሉም መጀመሪያ የታየኝ ተገልብጦ ነው። በደረቱ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ይዞ ነበር፤ ካሜራዬ እንደሆነ እሱ ገና ሳይገባ አወቅኩ።

ብቻዬን ጠርቶ አስወጣኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።

«ስህተትህን የምታስተካክልበት ነገር መጥቶልሃል» አለኝ። «ስለ እነዚህ ሰዎች ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። ተጸጽተናል ይላል። የጎደለው ፎቶ ነው። አንገታቸውን ሰብረው፣ በሰልፍ። መጽሔቱ ያውቅሃል፣ ሥራህን ያውቃሉ። አንስተህ ስትጨርስ…» በአገጩ ወደ ማንጎው አመለከተ። «እናትህ ያቻት። አብረሃት ትሄዳለህ።»

«እነሱ ተጸጽተዋል?» አልኩት።

«ያንን ጽሑፉ ይላል አልኩህ እኮ። አንተ ጸሐፊ ነህ?»

ካሜራውን ሰጠኝ። በታችኛው ዓይን ላይ አቧራ ነበረበት፤ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት። እጄ ክብደቱን አልረሳውም። እናቴን አየሁ። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደኛ ታያለች። ከዚያ ግቢ እስከ ቤታችን ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ፤ ድልድዩ፣ የኒም ዛፎቹ፣ በረንዳችን ላይ ያለው የውሃ እንስራ። ውሃ እጅግ ጠምቶኝ ነበር።

ሰዎቹን አውጥተው በግድግዳው ሥር ደረደሯቸው። ፀሐይዋ በጎን ነበረች፤ ያኔ ድንጋዩን ያነሳሁባት ዓይነት ፀሐይ። እግሬ ሳላዘው ወደ ሰልፉ ሄደ። የቲቸርን ኮሌታ ከአንገቱ ሥር አወጣሁለት፤ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ወልቆ ነበር፣ ሁለተኛውን ቆለፍኩ። ዓሣ አጥማጁ ኮሌታ የለውም፤ ካናቴራ ነው የለበሰው። ከትከሻው ላይ የሌሊት ወፍ ኩስ አራገፍኩለት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ሻምበሉ።

«ማስተካከል ነው ሥራዬ፣ ጓድ ሻምበል።»

«ይሄ ሠርግ አይደለም። ሂድ ቦታህን ያዝ። እናንተ! አንገታችሁን ስበሩ!»

ጠባቂዎቹ በሰልፉ ኋላ አለፉ። አንገቶች አንድ በአንድ ተሰበሩ። ክዳኑን ከፍቼ መስታወቱ ውስጥ አየሁ። ፀጉር ብቻ ነበር የሚታየው። ሰው የለም፤ የጭንቅላት ጀርባ ነው የተደረደረው። ከመካከላቸው አንድ ፊት ብቻ ቀረ፤ ዓሣ አጥማጁ ቀጥ ብሎ እያየኝ ነበር።

«አንተ ሽማግሌ! አልሰማህም? አንገትህን ስበር!»

ዓሣ አጥማጁ አማርኛ የተማረው ገበያ ላይ ዓሣ ሲሸጥ ነው። አንድ በአንድ እየፈለገ መለሰ።

«ጓድ፣ እኔ አንገት ሰበርኩ፣ እኔ ሞትኩ። አንተ እኔን መግደል ትፈልጋለህ? እሺ፣ ጠመንጃ አለህ። ግን አንገቴን እኔ ራሴ እንዴት አድርጌ እሰብራለሁ?»

ሁለት እጁን አንስቶ አንገቱን ያዘና ሞከረ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። «እምቢ አለ» አለ።

መጀመሪያ የተሰማው የቲቸር አፍንጫ ነው። ሊያፍነው ሞክሮ አመለጠው። «ሽማግሌው ልክ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «ሰዋስው ነው ችግሩ።» ከሰልፉ ትከሻዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አንዱ ጠባቂ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። «በቋንቋው ንገረው!»

ይህንን አሁንም ቢሆን አስበዋለሁ። ሁለት ቃል ነበር የሚፈለገው፤ ዝቅ በል። እናቴ ሳህኗን ይዛ ብድግ ብላ ነበር። ወደ ዓሣ አጥማጁ ዞርኩና ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስለው የኖርኩትን በአኙዋክኛ አልኩት፦

«ቀና በሉ።»

«እሺ» አለና አገጩን ይበልጥ ከፍ አደረገ።

ሻምበሉ አየው፣ እኔን አየኝ። «ምንድን ነው ያልከው?»

«ለሰው ሁሉ የምለውን ነው ያልኩት» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውን ጮክ አድርጌ፣ ለሁሉም፣ በአማርኛ አልኩት፦ «ቀና በሉ!»

ቀና አሉ። ቲቸር መጀመሪያ፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ የሳቁ እንባ ፊታቸው ላይ ነበር። አንገቴን ሰብሬ መስታወቱን አየሁ፤ ፊት ሞልቶበታል። ቁልፉን ተጫንኩ። ከዚያ ክዳኑን ዘጋሁት።

«ሌላ አላነሳም፣ ጓድ ሻምበል።»

አልመታኝም። ካሜራውን ከአንገቴ አወለቀው። «ግባ» አለኝ። «ከእነሱ ጋር ግባ። እኔ አነሳዋለሁ።»

ከዓሣ አጥማጁ በግራ ገብቼ ቆምኩ። ካሜራ ፊት ለፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። እጄን ምን ላድርገው? ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ይህንን ነበር፤ ያኔ ነው የገባኝ። ኮሌታዬን ቆለፍኩ።

ሻምበሉ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ። ምንም አልታየውም። አገላበጠው።

«የት ነው የሚታየው ይሄ?»

«ከላይ ነው፣ ጓድ ሻምበል» አልኩት። «አንገት ሰብረው ነው የሚያዩት።»

በሰልፉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ሻምበሉ ካሜራውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ክዳኑን ከፈተ። ቆቡ ወደ ፊት እስኪያዘነብል ድረስ አጎነበሰ። እኛ በግድግዳው ሥር ቀጥ ብለን ቆመናል፤ እሱ ከፊታችን አንገቱን ሰብሯል። መስታወቱ ውስጥ እንደምንታየው አውቃለሁ፤ እዚያ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ነው፣ ጭንቅላታችን ግን ከላይ ነው።

«አንገታችሁን ድፉ!» አለ፣ አንገቱን ሳያነሳ።

ማንም አልደፋም። ዓሣ አጥማጁ ትከሻውን ከትከሻዬ ጋር አስነካ። ሻምበሉ እዚያ መስታወት ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆየ። ምን ያይ እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ቁልፉ ቀጭ አለ። ያንን ድምፅ ከፊት ለፊቱ ቆሜ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አስገቧቸው» አለና ሄደ።

ግድግዳው ላይ የተገለበጠውን ማንጎ አየሁ። ከሥሩ ማንም አልነበረም። ሳህኑ ግን ትንሽ ቆይቶ በበሩ ገባ፤ ገንፎው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። በጣት በጣት ተካፈልነው።

«አባቴ» አልኩት ዓሣ አጥማጁን ስንበላ፣ «አንገት ስበር ማለት ዝቅ በል ማለት መሆኑን አያውቁም ነበር?»

የዓሣውን አጥንት ከጥርሱ አወጣ። «ዓሣ አንገት የለውም» አለኝ። «እኔ ስለ አንገት ምን አውቃለሁ?»

ከዚህ ሌላ መልስ አልሰጠኝም፤ ከተፈታን በኋላም ጠይቄው ነበር።

ጽሑፉ በመጽሔቱ ላይ አልወጣም። እኔ ባሮ ሞልቶ እስኪጎድል እዚያው ቆየሁ። ቲቸርን አንድ ቀን በጭነት መኪና ወሰዱት፤ ሲወጣ ቀልዱን በጆሮዬ ነገረኝ፣ ሳቅኩ፣ ተባባሪ ሆንኩ። ወዴት እንደደረሰ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ዓሣ አጥማጁ ሲፈታ ታንኳው በፀሐይ ተሰንጥቆ ጠበቀው። ሌላ ዛፍ ቆርጦ ጠረበ፤ እስኪሞት ድረስ ሰው አሻገረ።

እናቴ ስለዚያ ቀን የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውሃ ስትቀዳልኝ፣ «ኮሌታህን ስትቆልፍ አየሁህ» አለችኝ። «እንግዲህ ዛሬ አይመጣም አልኩና ምግቡን ለጠባቂው ሰጥቼ ሄድኩ።»

መንግሥት ሲለወጥ ያ ቢሮ ክፍት ሆኖ ሰነባበተ። ወረቀቱ መሬት ላይ ተበትኖ ሰው ይረግጠው ነበር። ገብቼ ፈለግኩ። ካሜራዬንም ፊልሙንም አላገኘሁም። አሁን ልጆቹ በስልክ ነው የሚነሱት፤ እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸውን ያነሳሉ፣ ማጎንበስ የለም። እኔ ግን አሁንም ሰው ሳነሳ ኮሌታውን አስተካክላለሁ፣ ያችን ቃል እላለሁ፣ ካሜራው ባይጠይቀኝም ትንሽ ጎንበስ እላለሁ።

ያ ፊልም የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ያጥበው ይሆናል። ካጠበው፣ ከሽማግሌው በግራ የቆመው ቀጭን ልጅ እኔ ነኝ። ፊልሙን ገልብጦ ካተመው ደግሞ በቀኙ ያገኘኛል። ግራና ቀኙን እንደ ፈለገ ያድርገው። አንገታችን ግን በሁለቱም በኩል ቀና ነው።